መርማሪው ዳክዬ ሲቀልድ ወሬውን አትዝለሉ

ኮት የለበሰ ድመት፣ ባርኔጣ የደፋ ዶሮ፣ የከሰረ ዳክዬ። እንስሳት ወንጀል የሚመረምሩባቸው አስቂኝ የኮምፒውተር ጌሞች ላይ ብዙ ሰው የሚቸገረው ጌሙ ከብዶት ሳይሆን ቸኩሎ ነው። ክሊክ፣ ክሊክ፣ ወሬውን ይዘላል፣ ይቀጥላል፤ ከዚያ መሃል ላይ ይቆምና መፍትሔ ፍለጋ ዩቲዩብ ይገባል። የእነዚህ ጌሞች ፍንጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀልዱ ውስጥ ነው የተሸጎጠው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ዳክ ዲቴክቲቭ፦ ዘ ሲክሬት ሳላሚ (2024) ይሻላል። አጭር ነው፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። ዩጂን ማክኳክሊን የሚባል ዳቦ ሱስ የሆነበት ዳክዬ ቢሮ ውስጥ የጠፋ ሳላሚ (የደረቀ ቋሊማ) ይመረምራል፤ በቃ ታሪኩ ይኸው ነው። ጨለም ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ቺክን ፖሊስ (2020) አለ፦ ጥቁርና ነጭ ምስል፣ በሰው ገላ ላይ የእንስሳ ጭንቅላት። ብላክሳድ፦ አንደር ዘ ስኪን (2019) ደግሞ ቀልዱ ትንሽ፣ ሐዘኑ ብዙ ነው። በ1993 የወጣውን ሳም ኤንድ ማክስ ሂት ዘ ሮድን ለመጀመሪያ አልመክርም። በጣም ያስቃል፣ ግን አንዳንዱ እንቆቅልሽ ከሰው ጭንቅላት የወጣ አይመስልም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ከስር የሚወጣውን ጽሑፍ አብሩ። ንግግሩ በራሱ እንዳያልፍ ማድረግ ከተቻለም አድርጉት፤ ቃላት የሚጠመዘዝበት ቀልድ በጆሮ ብቻ ሲሆን በቀላሉ ያመልጣል። እግረ መንገዳችሁንም የሚነኩ ዕቃዎችን የሚያሳይ ቁልፍ እንዳለ ተመልከቱ። በአዳዲሶቹ ጌሞች አብዛኛውን ጊዜ አለ። ግን መጀመሪያ በዓይናችሁ ፈልጉ፣ ቁልፉን የምትጫኑት ከዚያ በኋላ ነው። አለዚያ ጌሙ ነጥብ እያሳደዱ መጫን ብቻ ይሆናል።

አዲስ ክፍል ስትገቡ በር አትንኩ። ማውሱን ቀስ እያላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንሸራትቱት፤ የቀስቱ ቅርጽ የሚቀየርበት ቦታ ላይ የሚሠራ ነገር አለ። ያገኛችሁትን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጉ፤ አንዳንዱ ዕቃ በሁለተኛው ላይ ሌላ ነገር ያናግራል። መርማሪው አንዱን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ሲደግመው እዚያ ያለው ወሬ አልቋል ማለት ነው፣ እለፉት። አንድ ተራ ዕቃ ላይ ግን ከሚገባው በላይ ረዘም ያለ ቀልድ ከተነገረ ልብ በሉ። ለአንዲት የአበባ ማስቀመጫ አምስት መስመር የጻፈ ሰው ዝም ብሎ አልደከመም።

ሰው ማናገር ላይ (እንስሳ ማለቴ ነው) ጊዜ አትቆጥቡ። አዲስ ዕቃ ባገኛችሁ ቁጥር ቀድሞ ወዳናገራችኋቸው ተመለሱ፤ የጥያቄው ዝርዝር ተቀይሮ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ቺክን ፖሊስ ላይ ምርመራ ሲጀመር ሶኒ የተባለው መርማሪ ዶሮ ስለሚጠየቀው ሰው ምን እንደተሰማው ይነግራችኋል፣ መጨረሻ ላይም ጌሙ አጠያየቃችሁን ይመዝናል። ስለዚህ እዚያ ላይ የሚሻለው ጥያቄ እናንተን የሚያጓጓው ሳይሆን ለዚያ ሰው ጠባይ የሚስማማው ነው። በራሱ የሚኮራውን አስጨንቃችሁት ከተዘጋ፣ እስቲ አድንቁት።

የእንስሳውን ዓይነትም አትናቁ። ደራሲው ያንን ገጸ ባሕርይ ጉጉት ወይም አይጥ ያደረገው በምክንያት ነው፤ ወይ ጠባዩን ይነግራችኋል፣ ወይ ሆን ብሎ ያታልላችኋል። መርማሪው ብላክሳድ ድመት ስለሆነ በአንዳንድ ቦታ ጊዜው ይዘገይለትና ሌላው ያላየውን ያያል፣ ያሸታል፣ ይሰማል። ያኔ ስክሪኑን በደንብ አስሱት።

ዳክ ዲቴክቲቭ ላይ የተሰበሰቡ ቃላትን ባዶ ቦታ ውስጥ እየከተታችሁ ነው መደምደሚያ የምትደርሱት። እስኪገጥም እየቀያየሩ መገመት ይቻላል፣ ግን ደስታውን ይገድለዋል። ከስም ጀምሩ። ማን ማን እንደሆነ ከታወቀ ቀሪው ይቀላል። ገጸ ባሕርያቱን በአጉሊ መነጽር ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ልብሳቸውንና የያዙትን ነገር አትለፉ። ማን ምን አደረገ የሚለውን መጨረሻ ላይ ሙሉት።

ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ከሁሉም ጋር ማጋጨት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ሳም ኤንድ ማክስ ላይ ግን አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፦ ጥንቸሉ ማክስ ራሱ እንደ ዕቃ ያገለግላል። መላው ሲጠፋችሁ ማክስን ነገሩ ላይ ልቀቁት። ባይሠራም ያስቃችኋል።

ጭራሽ ከተጣበቃችሁ መጀመሪያ ጌሙ የራሱ መርጃ እንዳለው እዩ። ኢንስፔክተር ዋፍልስ (2021) ላይ መርማሪው ድመት እናቱ ጋ ደውሎ ፍንጭ ይጠይቃል፤ ለመሳቅም ቢሆን ደውሉ። መፍትሔውን ከውጭ ማንበብ ግድ ከሆነ በቪዲዮ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፣ ቪዲዮ ገዳዩን ሳትፈልጉት ያሳያችኋል። የቆማችሁበትን አንድ እርምጃ ብቻ አንብቡና ገጹን ዝጉት።