ሬሳው ጅማ ተገኘ፣ ታሪኩስ? የወንጀል ልቦለድ ስትጽፉ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ልብ አንጠልጣይ የወንጀል ልቦለድ ሲገኝ እንቅልፍ የለም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «አንድ ምዕራፍ ብቻ» ተብሎ ይጀመራል፣ መብራት ይሄዳል፣ የስልክ ባትሪ ተበርቶ ይቀጠላል፣ ዶሮ ሲጮህ ገዳዩ ይታወቃል። እኔ ይሄን ደስታ የሚንቁ ሰዎች አይገቡኝም። ግን አንድ ነገር አለ። በሳምንቱ «እንዴት ነው መጽሐፉ?» ሲባል ብዙዎቻችን «አሪፍ ነው፣ አንዱን ይገድሉታል፣ ከዚያ...» ብለን እንቀራለን። ፍጥነቱ አስደስቶን አልፏል፣ የተረፈ ነገር የለም።

ጅማን መቼት ያደረጉ የወጣቶች ረቂቆች አልፎ አልፎ ይደርሱኛል፤ አንዳንዶቹ በጣም ጎበዞች ናቸው፣ ስህተታቸው ግን ይመሳሰላል።

ሩጫን ፍጥነት ማለት

ምዕራፉ ሁለት ገጽ ነው። ሰውየው ይሮጣል፣ ባጃጅ ላይ ይዘላል፣ ይተኮስበታል፣ ምዕራፉ ያልቃል። ቀጣዩም ያው ነው። ገጽ የሚያስገልጠው ግን ያልተመለሰ ጥያቄ እንጂ የጀግናው እግር አይደለም። ጥያቄ ከሌለ አሥር ሰው ቢሮጥ ማንም ግድ አይሰጠውም።

ደግሞ ሩጫው ከመሬቱ ጋር አይስማማም። አዲስ አበባና ጅማ መካከል 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ኮማንደሩ ቁርሱን አዲስ አበባ በልቶ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጅማ መርካቶ ውስጥ ተጠርጣሪ ያሳድዳል! በአውሮፕላን መጥቶ ከሆነ ይጻፍ፤ በመኪና ከሆነ ግን ያንን መንገድ ለምን ትዘሉታላችሁ? ወልቂጤን አልፎ ወደ ግቤ በረሃ ሲወርድ ሙቀቱ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ጠመዝማዛውን ሲወጣ ከፊቱ የሚንፏቀቅ የጫነ ሲኖትራክ፣ ማለፍ አይቻል፣ የሚያሳድደው መኪና የኋላ መብራት ከላይ ኩርባው ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ማንም አልሮጠም፣ አንባቢው ግን ጥፍሩን እየበላ ነው።

ሰዓቱን ከፊልም መዋስ

ቦምቡ ሊፈነዳ ሦስት ደቂቃ ቀረው፣ ቀዩ ሽቦ ይቆረጥ ወይስ ሰማያዊው? ኧረ በናታችሁ። ጅማ ዙሪያ የራሱ ሰዓት ያለው ነገር ሞልቷል።

ቡናን ውሰዱ። በለቀማው ወቅት፣ ጥቅምትና ኅዳር አካባቢ፣ ገጠሩ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፤ ለወንጀል ከዚህ የተሻለ ምክንያት አትፈልጉ። ታጥቦ የሚዘጋጀው ቡና ደግሞ እሸቱ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት። ካደረ ይቦካል፣ ጣዕሙም ዋጋውም ይወድቃል። እንግዲህ አንድ አይሱዙ ሙሉ እሸት ኬላ ላይ ቆመ እንበል። ሹፌሩ ከጆንያዎቹ ሥር ምን እንዳለ ያውቃል፣ ፖሊሱ አያውቅም። ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው፣ የማጠቢያው ባለቤት «የት ደረስክ?» እያለ ደጋግሞ ይደውላል፣ ፖሊሱም ስልኩን እየሰማ «አንሳውና አናግረው እንጂ» ይላል።

ማስረጃም ከዚያው ይገኛል። እሸቱ ከተፈለፈለ በኋላ ፍሬው ላይ የሚቀረው ልጋግ እስኪለቅ ቡናው ገንዳ ውስጥ ይቆያል፤ እንደ አየሩ ሙቀት አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው መድረሱን የሚያውቀው በእጁ ነው። እፍኝ አንስቶ ያሻል፤ የሚያዳልጥ ከሆነ ገና ነው፣ እንደ ጠጠር ከሻከረ ደርሷል። አሁን ተጠርጣሪው «ትናንት ጎህ ሲቀድ ጀምሬ ስፈለፍል ነው የዋልኩት፣ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም» ብሏል። መርማሪዋ በማግስቱ አመሻሽ ላይ ትመጣለች፣ እጅጌዋን ትሰበስባለች፣ እጇን ገንዳው ውስጥ ትከታለች። ያዳልጣል። ቀና ብላ ታየዋለች እንጂ ምንም አትልም። ጠበቃው በኋላ «ብርድ ነበር፣ በብርድ ይዘገያል» ብሎ ይከራከራል፤ እሱ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ይሆናችኋል። ይሄን ሁሉ የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ ለምን ቀይ ሽቦ እንደሚቆርጥ አይገባኝም።

ሕጉን ከአሜሪካ መቅዳት

እኛ ዘንድ ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጦ ፍርድ የሚሰጥ ቡድን፣ የለም፤ ጥፋተኛ ነህ ወይም አይደለህም የሚለው ዳኛው ነው። ሆኖም ረቂቆቹ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዎች ተሰብስበው ሲማከሩ አንብቤያለሁ፣ ያውም ጅማ! ዝም የማለት መብት ግን ከፊልም የመጣ የሚመስላቸው ተሳስተዋል፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ፣ እሱን አትሰርዙት። እዚያው አንቀጽ ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። ይኸው ሌላ ሰዓት! ኮማንደሩ ሰውየውን በጥርጣሬ ብቻ ይዞታል፣ ምስክሩ ሩቅ ገጠር ነው፣ መንገዱን ዝናብ ቆርጦታል። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ (ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ) ይጠይቃል፣ ጠበቃው ዋስትና። ዳኛዋ መዝገቡን ታገላብጣለች።

ገዳዩ ከታወቀ በኋላም ታሪኩ አያልቅም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከባድ የሰው ግድያ (አንቀጽ 539) ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስፈርዳል፤ ተራው ግድያ (አንቀጽ 540) ከ5 እስከ 20 ዓመት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ «ቢላዋውን ከቤቱ ይዞ መጣ ወይስ እዚያው አነሳው?» በሚል አንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል። እኔ ብሆን መጨረሻውን ሃምሳ ገጽ ለዚህ ጥያቄ አውለው ነበር።

ለቅሶ የሌለው ሞት

ይሄ በጣም ያናድደኛል። በአንድ መጽሐፍ ዘጠኝ ሰው ይሞታል፣ አንድም ድንኳን አይተከልም። እኛ አገር ሰው ሞቶ እንዲህ ዝም ይባላል? ጅማ ሙስሊሙ ብዙ ነው፣ ቀብር ደግሞ ይፋጠናል፣ ከተቻለ በዕለቱ። ፖሊስ አስከሬኑ ይመርመር ይላል፣ ወንድም ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ «አስከሬናችንን ስጡን» ይላል፣ ሽማግሌ ይላካል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከየትኛውም የመኪና ግጭት ይልቅ ይሄ ያስጨንቃል።

ቀጥሎ መርማሪው ለቅሶ ቤት ይገባል። ማስታወሻ ደብተር አያወጣም፣ አይችልም። «ሶብሩን ይስጣችሁ» ብሎ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሰዉ ሲቀንስለት ወደ እናትየዋ ጠጋ ይላል።

«እናቴ፣ ሰኞ ማታ ከማን ጋር ነበር?»

«አንተ ቀብሩ ላይ ነበርክ?»

«ነበርኩ እናቴ።»

«እንግዲያው ማን እንዳልመጣ አይተሃል።»

በቃ። ሁለት ገጽ የምርመራ ጥያቄና መልስ በአራት መስመር አለቀ።

ገዳዩን ከሰማይ ማውረድ

ገጽ 230 ላይ «የአጎቱ ልጅ ነበር» ይባላል። የትኛው አጎት? እንግሊዛዊው ቄስና የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ አሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ወንጀለኛው ታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መጠቀስ አለበት የሚል ነው። ከአንድ በላይ ምስጢራዊ ክፍል ወይም መተላለፊያ አይፈቀድምም ብሏል፣ ይህችን ደግሞ ጅሬን በሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሥር ሦስት ዋሻ ለቆፈረው ወዳጄ አስተላልፋለሁ። ገዳዩን መደበቅ ከፈለጋችሁ ሁሌም በሚታይበት ቦታ ደብቁት። ምዕራፍ ሁለት ላይ ጀበናውን የሚያቀብለው ሰው፣ ምዕራፍ አምስት ላይ አስከሬን የሚሸከመው ሰው። አንባቢው ወደ ኋላ ገልጦ «አይ የኔ ነገር፣ እዚሁ ነበር እኮ!» ሲል ነው ጸሐፊው ያሸነፈው።

ጥቃቅኖቹ

ትከሻው በጥይት የተመታው ጀግና በማግስቱ አጥር አይዘልም። ሴት ገጸ ባሕርይ ወይ ሬሳ ወይ ፍቅረኛ ብቻ አትሁን። የቦታ ስም መደርደር፣ ፈረንጅ አራዳ፣ አጂፕ፣ አዌቱ፣ ከተማውን አያሳይም፤ አዌቱ ድልድይ ላይ ሰው ቆሞ ምን ያደርጋል የሚለው ነው የሚያሳየው።

የስድስት ገጽ ኑዛዜ

ገዳዩ ጀግናውን ወንበር ላይ አስሮ፣ ሽጉጡን ግንባሩ ላይ ደግኖ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ይተርክለታል። ለምን? ጸሐፊው መንገድ ላይ ፍንጭ መጣል ረስቶ ስለነበር ነው። ኑዛዜውን ቆርጣችሁ አውጡትና ታሪኩን ያላነበበ ሰው ይሞክረው። ካልገባው ችግሩ ያለው ከኋላ ነው፣ ምዕራፍ ሦስት ወይም አራት ላይ፣ እዚያ ሄዳችሁ አስተካክሉ። «ክፍል ሁለት ይቀጥላል» የምትሉም ካላችሁ ቀጥሉ፣ ግን የክፍል አንድን ገዳይ ክፍል አንድ ላይ አስይዙልን፤ መጽሐፉን በገንዘባችን ነው የገዛነው።