ጀርባችን ላይ ችግር ይዘን የተወለድን ሰዎች የምንሠራቸው ስህተቶች

ስፓይና ቢፊዳን (የጀርባ አጥንት በጽንስ ጊዜ በደንብ ሳይገጥም የሚቀርበትን ችግር) ወይም ሌላ የህብለ ሰረሰር ችግርን ይዞ የተወለደ ሰው ለሌላው ማስረዳት የሚቸግረው ስሜት አለው። ባት ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል፣ አንገት ሲጎነበስ ንዝረት በጀርባ ይወርዳል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያቃጥላል። እኔም አንዱ ነኝ። ከሚከተሉት ስህተቶች ያልሠራሁት ጥቂቱን ነው።

«ድሮም እንዲህ ነው» ብሎ መተው። ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው። ህብለ ሰረሰር በአብዛኛው አዋቂ ሰው የሚያበቃው አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከታች ተጣብቆ የተያዘ ከሆነ ግን ልጁ ሲያድግ ይወጠራል፤ ጣጣው አንዳንዴ ከጉልምስና በኋላም ብቅ ይላል። ስለዚህ የቆየው መደንዘዝ ሳይሆን የተለወጠው ነው የሚያስፈራው። እኔ በየወሩ ዓይኔን እጨፍንና እህቴ እግሬን በጥጥ ትነካካልኛለች፤ ስሜቱ የት ላይ እንደሚጠፋ ደብተር ላይ እንጽፋለን። ቁርጭምጭሚት ላይ ያበቃ የነበረው መደንዘዝ ወደ ባት ከወጣ፣ ደብተሩን ይዤ ወደ ነርቭ ሐኪም ነው የምሄደው።

ያላመመን ሁሉ ደህና ነው ብሎ ማሰብ። አንድ የሐምሌ ምሽት እግሬን ወደ ከሰል ምድጃው ዘርግቼ ቡና እጠጣ ነበር። መጀመሪያ የነገረኝ አፍንጫዬ ነው፤ የካልሲ ቃጠሎ ሸተተኝ። ቁስሉ ለመዳን ሁለት ወር ፈጀ። ከዚያ ወዲህ የመታጠቢያ ውሃ በእግሬ አልሞክርም፣ በክርኔ እንጂ። ጫማዬንም ሳላራግፍና ውስጡን በእጄ ሳልዳብስ አላጠልቅም። ህብለ ሰረሰራቸው ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ክፍተት ላለባቸው ግን ክርንም ላያስተማምን ይችላል። የሕመምና የሙቀት ስሜት የሚያልፍበት መንገድ ከንክኪ መንገድ የተለየ በመሆኑ፣ ስኒ መያዛቸው እየታወቃቸው መፋጀቱ ላይታወቃቸው ይችላል። እነሱ ውሃውን ሌላ ሰው ይለካላቸው።

«ብርድ ነው» ብሎ ከፋርማሲ የቫይታሚን ቢ መርፌ መደጋገም። እጥረት ላለበት መድኃኒት ነው፤ የተያዘን ህብለ ሰረሰር ግን አይፈታም። ቢ6 ደግሞ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ያደነዝዛል።

ለወጌሻ ጀርባን መስጠት። ለወለምታ የሚያመሰግኗቸው ብዙ ናቸው፤ አልከራከርም። ወገቡ ላይ የበቀለ ጸጉር፣ ጎድጓዳ ወይም የስብ እብጠት ይዞ የተወለደን ሰው ግን ኤምአርአይ ሳይታይ ማንም ሊያሸው አይገባም።

ስለ ሽንት ማፈር። እግሬ ደነዘዘ ለማለት የማያፍር ሰው፣ ሽንቱ እንዳስቸገረው ሲጠየቅ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሁለቱን የሚያዝዙት ነርቮች ጎረቤታሞች ናቸውና ሐኪሙ ሁለቱንም መስማት አለበት። መቀመጫና የጭን ውስጥ በድንገት ከደነዘዙ፣ ወይም ሽንት ከወትሮው በተለየ እንቢ ካለ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።