በአልበም ውስጥ ያለችው ካሚዮን የየትኛው ጊዜ ናት?

አዳማ ውስጥ የድሮ የቤተሰብ አልበም ከተከፈተ ካሚዮን ተደግፎ የተነሳ ሰው አይጠፋም፤ የሾፌር ከተማ ነው። ታዲያ ሁሉም "የጣሊያን ጊዜ ነው" ይልና ነገሩ እዚያው ይዘጋል። መኪናዋን አስተውላችሁ ካያችኋት ግን ፎቶው መቼ እንደተነሳ ትነግራችኋለች።

ፎቶውን በስልክ ሳይሆን በስካነር አንሱት፣ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት መጠን ነው)። ከዚያ አጉሉት። የፋብሪካ ዓርማ ስትፈልጉ አትድከሙ፤ ወይ አቧራ ወይ የሰው ትከሻ ሸፍኖታል። ኮፈኑን፣ ቸርኬውን፣ መሪውን እዩ።

ኮፈኑ ረጅም፣ ራዲያተሩ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቸርኬው ወፍራም ጨረር ያለው ከሆነ ትሬንታ ኳትሮን ጠርጥሩ፤ ፊያት 634 ማለት ነው። ላንቻ 3ሮም ትመስላታለች። መሪው በቀኝ ስለሆነ ብቻ የእንግሊዝ ነው እንዳትሉ፣ የዚያን ጊዜ የጣሊያን ከባድ መኪኖችም መሪያቸው በቀኝ ነበር። ኮፈን የሌላትን ኤንትሬ፣ ማለትም ፊያት 682ን፣ ካያችሁ ደግሞ ጦርነቱን እርሱት፤ መመረት የጀመረችው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ከጀርባው 1936 ተጽፏል እንበል። በማን አቆጣጠር? በፈረንጅ ከሆነ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው፣ በኛ ከሆነ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ፎቶው ላይ መሪዋ በግራ የሆነ ባለ አስር ጎማ ጂኤምሲ ካለች ክርክሩ አለቀ፤ ይቺ የአሜሪካ ወታደራዊ መኪና የተሠራችው ከ1941 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ቁጥሩ የኛ ነው። ግን ቦታውንም አጣሩ። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲደርስ እነዚሁ ጂኤምሲዎች እዚያ ነበሩ፣ ወታደሮቻችንም አብረዋቸው ተነስተዋል። ወፍራም የክረምት ካፖርትና በረዶ ካያችሁ አዋሽ ዳር አይደላችሁም።

የእንግሊዝ ጦር መኪና ኮፈኑ ላይ ቁጥር አለው፣ ከፊቱም ፊደል፦ ኤል ለከባድ ጭነት፣ ዜድ ለቀላል፣ ኤ ለአምቡላንስ። ፊደሎቹ ከተገለበጡ ፎቶው ራሱ ተገልብጦ ታትሟል፤ መሪው የቱ ጋ ነው የሚለውም አብሮ ይገለበጣል።

ዝግ ሳጥን ያለው ሁሉ አምቡላንስ አይደለም። አንዳንዱ ሻይና ዳቦ እያዞረ ለወታደር የሚያድል ካንቲን ነው። አምቡላንስ በሩ ከኋላ ነው፣ መስቀልም አለው። ካንቲን ግን ጎኑ ይከፈታል፦ ወደ ላይ የተነሳው ክዳን ጥላ ይሆናል፣ ከሥሩ ባንኮኒ አለ፣ አንዳንዴ ጣሪያው ላይ ትንሽ የጭስ ማውጫ ብቅ ትላለች። የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ከሆነ ሦስት ማዕዘን ዓርማ ፈልጉ። ገንዘቡን የሰጠው ሰው ወይም ከተማ ስምም ጎኑ ላይ የሚጻፍበት ጊዜ አለ፣ እሱን ካገኛችሁማ ተገላገላችሁ።

አልለይ ካለ ለድሮ ሾፌር ወይ ለጋራዥ ሰው አሳዩት። ግምታችሁን ግን ቀድማችሁ አትናገሩ፤ አባባ ላለማሳፈር ብለው እሺ ይሏችኋል።