ጥቁር አዝሙድን በቤት ውስጥ ማዘጋጀትና በሽታ የመከላከል አቅም
ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ጥቁር አዝሙድ ሲገዙ የተፈጨውን ትተው ፍሬውን ይምረጡ፤ ምክንያቱም ቲሞኪኖን የተባለውን ንጥረ ነገር የያዘው ተናኝ ዘይት ከተፈጨ በኋላ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ጥቂት ፍሬ በጣቶችዎ መካከል ፈትገው ሲያሸቱት ሰንፋጭ ሽታ ካልሰጠ የቆየ ነውና ይለፉት።

ፍሬውን ከጠጠርና ከገለባ ለቅመው፣ ሳይቆሉት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል በሙቀጫ ይውቀጡ። በብርጭቆ አድርገው የፈላ ውሃ ያፍስሱበትና ወዲያውኑ ይክደኑት፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ክዳኑን ሲያነሡ ከውስጥ በኩል ያቆረው ጠብታ መዓዛውን ይዞ የተነነው ክፍል ስለሆነ ወደ ብርጭቆው መልሰው ያንጠባጥቡት። ዘይቱ በውሃ ብዙም ስለማይሟሟ ግን የተወቀጠውን በማር ለውሶ መብላት፣ በእኔ እምነት፣ አጥልሎ ከመጠጣት ይሻላል።

ስለ ጥቅሙ ሲነገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቲሞኪኖን ብግነትን (የሰውነት ክፍል መቆጣትና ማበጥን) የሚያባብሱ ኬሚካሎችን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ይህ ግን የሰውነትን መከላከያ ያጠነክራል ከሚለው የተለመደ አነጋገር የተለየ ነው። ወባን ወይም እ.ኤ.አ. በ2013 በከተማችን የተከሰተውን የደንጌ ትኩሳት ያድናል ማለትም ከቶ አይደለም፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር።

ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ፣ እንዲሁም የሰውነት መከላከያን የሚገታ መድኃኒት የታዘዘላቸው ሰዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይወስዱት አጥብቄ እመክራለሁ።