ምስክርነቱ እንዳይበላሽ፦ አማኝ አትሌቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ክርስቲያን አትሌት በካሜራ ፊት ስለ እምነቱ ሲናገር ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እምነት ስለጎደለው አይደለም። ያልታሰበበት ቃል፣ ያልተነበበ ደንብ ወይም ከቦታው የተነቀለ ጥቅስ ይበቃል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ክብደታቸው እኩል አይደለም፤ አንዳንዶቹ ፈገግ ያሰኛሉ፣ አንዳንዶቹ እንጀራ ያሳጣሉ። ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እግዚአብሔርን የውጤት ሰሌዳ ላይ ማስፈር

ከሁሉ የተለመደው ይህ ነው። «እግዚአብሔር ድል ሰጠኝ» ማለት ምስጋና ነው፤ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ችግር የሚመጣው ምስጋናው ቀስ በቀስ ማብራሪያ ሲሆን፣ «ያሸነፍኩት ስለማምን ነው» ወደሚል ሲንሸራተት ነው። በተሸናፊው ቡድን መልበሻ ክፍልም ተንበርክኮ የጸለየ ሰው አለ። የእርሱ ጸሎት ወዴት ሄደ ሊባል ነው?

አሜሪካዊው ቲም ቲቦ የኮሌጅ ተጫዋች ሳለ፣ በጃንዋሪ 2009 በተደረገው የአሜሪካ እግር ኳስ (ኳሱ በእጅ የሚያዝበትና የሚወረወርበት ስፖርት) ሻምፒዮና ጨዋታ ከዓይኑ ሥር በተቀባው ጥቁር ቀለም ላይ ዮሐንስ 3፥16ን ጽፎ ወጣ። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ጥቅሱን በኢንተርኔት ፈለጉት። ልክ በሦስተኛ ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 2012፣ ለዴንቨር ብሮንኮስ ተሰልፎ ፒትስበርግን በጭማሪ ሰዓት ሲያሸንፍ ኳስ ያቀበለበት ርቀት ተደምሮ 316 ያርድ ሆነ። ደጋፊው ቁጥሩን ከሰማይ እንደ ወረደ ምልክት ተቀበለው። በሳምንቱ ብሮንኮስ በኒው ኢንግላንድ 45 ለ10 ተረታ። የዚህኛው ውጤት ምዕራፍና ቁጥር የት እንደሚገኝ ግን የጠየቀ አልተሰማም።

የዚሁ አስተሳሰብ ሌላኛው ጫፍ የታየው በኖቬምበር 2010 ነው። የቡፋሎ ቢልሱ ስቲቭ ጆንሰን በጭማሪ ሰዓት ጨዋታውን ሊያሸንፍበት የሚችለው ኳስ ከእጁ አመለጠ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ቀንና ሌሊት እያመሰገንኩህ እንዴት እንዲህ ታደርገኛለህ የሚል ወቀሳ ለፈጣሪው በትዊተር ጻፈ። ብዙ ሰው ሳቀበት። እኔ ግን ከብዙዎቹ የድል ንግግሮች ይልቅ ሐቀኛ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ መዝሙረ ዳዊትም ቢሆን እንዲህ ካለው ሙግት የጸዳ አይደለም። የድሉን ሒሳብ ሁሉ በእግዚአብሔር ስም ያስመዘገበ ሰው የሽንፈቱንም ሒሳብ ለእርሱ መላኩ አይቀርም።

ለመማር ለሚፈልግ አትሌት ጎልፈኛው ስኮቲ ሼፍለር የተሻለ አብነት ነው። በጁላይ 2025 የኦፕን ሻምፒዮንሺፕ ከመጀመሩ በፊት በሰጠው ጋዜጣዊ መግለጫ ማሸነፍ ምን እንደሚመስል ሲገልጽ፣ ዋንጫ ታነሣለህ፣ ቤተሰብህን ታቅፋለህ፣ ከዚያ ደግሞ «ለእራት ምን እንብላ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል አለ። ስፖርቱ የልቡን ጥልቅ ፍላጎት እንደማይሞላለትም ተናገረ። በዚያው ሳምንት ውድድሩን በአራት ምት ልዩነት አሸነፈ። ቃሉን ያከበደው ዋንጫው እጁ ሳይገባ መናገሩ ነው።

ጥቅስን ከቦታው መንቀል

«ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ።» ፊልጵስዩስ 4፥13 በስፖርቱ ዓለም ከየትኛውም ጥቅስ በላይ ሳይጠቀስ አይቀርም። ኢቫንደር ሆሊፊልድ በ1996 ማይክ ታይሰንን ሲገጥም ልብሱ ላይ ነበር፤ የቅርጫት ኳሱ ስቴፈን ከሪ ጫማው ላይ ጽፎታል። ጳውሎስ ይህን የጻፈው ግን ታስሮ ሳለ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ያነበበ ሰው ሐዋርያው ስለ መጥገብና ስለ መራብ፣ ስለ መብዛትና ስለ መጉደል እንደሚናገር ያገኛል። «ሁሉን እችላለሁ» የሚለው ሁሉንም እረታለሁ ማለት አይደለም፤ በማጣትም በማግኘትም እጸናለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ጥቅሱ ይበልጥ የሚስማማው በተቀያሪ ወንበር ላይ ለሚውለው፣ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ የውድድር ዘመኑ ላበቃበት ተጫዋች ነው።

ጥቅስ አይጻፍ ማለቴ አይደለም። የጻፈው ግን ጋዜጠኛ ማይክሮፎን አቅርቦ «ምን ማለት ነው?» ቢለው መመለስ ይኖርበታል።

ደንቡን ሳያነቡ ወደ ሜዳ መግባት

እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ልወስድ፤ ልበ ቅን አማኞች በብዛት የሚደናቀፉት በዚህ ነውና። በ2007 አቴንስ ላይ ሚላን ሊቨርፑልን 2 ለ1 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን ብራዚላዊው ካካ «የኢየሱስ ነኝ» የሚል ካናቴራ ለብሶ ሜዳው ላይ ተንበረከከ። ያን ፎቶግራፍ እያዩ ያደጉ ተጫዋቾች ዛሬም ሊደግሙት ይመኛሉ። ይሁንና የእግር ኳስ ሕግ አንቀጽ 4 በመጫወቻ ትጥቅ ላይ ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም ግላዊ መፈክርና ምስል ይከለክላል፤ በ2014 ደግሞ ከማሊያ ሥር በሚለበስ ካናቴራ ላይ ጽሑፍ ማሳየት ጨርሶ ታገደ። ጎል አግብቶ ማሊያ ማውለቅ በራሱ ቢጫ ካርድ ያሰጣል። መልእክቱ መልካም መሆኑን ዳኛው አይመዝንም።

በኖቬምበር 2024 መጨረሻና በዲሴምበር መጀመሪያ የሆነውን ልብ ይሏል። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አምበሎቹ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ድጋፍ የተዘጋጀውን ባለ ቀስተ ደመና የክንድ ማሰሪያ እንዲያደርጉ በተመደበበት ሰሞን የክሪስታል ፓላሱ ማርክ ጉዬሂ ማሰሪያው ላይ መጀመሪያ «ኢየሱስን እወዳለሁ»፣ በቀጣዩ ጨዋታ «ኢየሱስ ይወዳችኋል» ብሎ ጻፈበት። በዚሁ በሁለተኛው ጨዋታ በተቃራኒው ወገን የቆመው የኢፕስዊች አምበል ሳም ሞርሲ ሙስሊም ነው፤ በእምነቱ ምክንያት ማሰሪያውን አላደርግም አለ። ሁለት አማኞች፣ አንድ ሜዳ። ሞርሲ የጣሰው ደንብ አልነበረም፤ የእግር ኳስ ማኅበሩ የትጥቅ ደንቡን ያስታወሰው ጉዬሂንና ክለቡን ነው። ክስ አልተመሠረተም፤ ለሌላ አትሌት ግን ዕድሉ እንዲህ ላይቀና ይችላል። አንድን ነገር አለማድረግና ትጥቅ ላይ መጻፍ በደንቡ ዓይን የተለያዩ ናቸው፤ ይህን ልዩነት ያላወቀ አትሌት ስለ እምነቱ ሊናገር ወጥቶ ስለ ክንድ ማሰሪያ ሲከራከር ይከርማል።

ኦሊምፒክ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የኦሊምፒክ ቻርተር አንቀጽ 50 በውድድር ስፍራዎች ሃይማኖታዊ ቅስቀሳን ይከለክላል። በፓሪስ 2024 ብራዚላዊው የማዕበል ቀዛፊ ዣኦ ቺያንካ የክርስቶስ ምስል ባለበት ሰሌዳው እንዳይወዳደር ተከለከለ። የአገሩ ልጅ ራይሳ ሌያል ግን በስኬትቦርድ ውድድሩ ላይ በካሜራ ፊት «ኢየሱስ መንገድና እውነት ሕይወትም ነው» የሚለውን በምልክት ቋንቋ በእጇ ተናገረች፤ ነሐሷንም ይዛ ሄደች፤ ሜዳሊያዋን የነካባት የለም። በጁዶ ደንቡ ይበልጥ ጥብቅ ነው፦ ሰርቢያዊው ኔማንያ ማይዶቭ በዚያው ኦሊምፒክ ወደ መፋለሚያው ሲገባ ካማተበ በኋላ ፌዴሬሽኑ የአምስት ወር እገዳ ጣለበት። በአትሌቲክስና በእግር ኳስ በየሳምንቱ ያለ ችግር የሚታየው ማማተብ በሌላ ስፖርት ያስቀጣል ማለት ነው። የየፌዴሬሽኑን ደንብ ማንበብ የእምነት ማነስ አይደለም።

ሰፊው በር ያለው ሌላ ቦታ ነው። በኦሊምፒክም ቢሆን አትሌቶች በጋዜጣዊ መግለጫ፣ ከውድድር በኋላ በሚደረግ ቃለ መጠይቅና በማኅበራዊ ገጻቸው ያመኑበትን መናገር ይችላሉ። ትጥቅ ላይ ሦስት ቃል ከማጨቅ በሦስት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ሙሉ ሐሳብ መናገር ይሻላል።

የሰንበትን ጉዳይ በመጨረሻው ሰዓት ማንሣት

ስኮትላንዳዊው ኤሪክ ሊድል በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ እሑድ ስለዋለ አልሮጥም ማለቱን ብዙ አማኝ ያውቃል። ታሪኩ አፍ ለአፍ ሲተላለፍ ግን ሊድል ዋዜማው ላይ ነቅቶ እምቢ ያለ ይመስላል። እውነቱ የተለየ ነው፤ መርሐ ግብሩን ያወቀው ወራት ቀደም ብሎ ነው፣ ውሳኔውን አሳውቆ ለ200 እና ለ400 ሜትር ሲዘጋጅ ቆየ። በ400 ሜትር በ47.6 ሰከንድ ወርቅ፣ በ200 ሜትር ደግሞ ነሐስ ያገኘው በዚያ ዝግጅት ነው። የሕሊና ጉዳይ ያለው አትሌት ውል ሲፈራረም በግልጽ ይናገር፤ አሰልጣኙ ምትክ የሚፈልግበት ጊዜ ይኑረው። በጨዋታው ዋዜማ የሚነገር እምቢታ ሸክሙን በቡድን ጓደኛ ትከሻ ላይ ይጥላል።

ከምስክርነት ወደ ፍርድ መሻገር

አውስትራሊያዊው የራግቢ ኮከብ እስራኤል ፎላው በአፕሪል 2019 ግብረ ሰዶማውያንን፣ ሰካራሞችን፣ አመንዝሮችንና ሌሎችንም ዘርዝሮ ሲኦል እንደሚጠብቃቸው በኢንስታግራም ለጠፈ። ከዓመት በፊት በተመሳሳይ ንግግር ውዝግብ አስነሥቶ ነበር፤ አዲስ የብዙ ዓመት ውልም ገና መፈረሙ ነበር። በሜይ ውሉ ተቋረጠ፤ ክርክሩ በዲሴምበር በስምምነት ተዘጋ። ስለ ኃጢአት የሚያስተምረው ትምህርት ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለነገረ መለኮት ሰዎች እተወዋለሁ። የእኔ ትዝብት ሌላ ነው፦ በወንጌል ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደው ሰው ሲጠየቅ የመለሰው «ዕውር እንደ ነበርሁ አሁንም እንዳይ አውቃለሁ» ብሎ ነው። ስለ ራሱ ተናገረ። ስለ ራሱ የሚናገርን አትሌት ለመክሰስ ይከብዳል፤ ለመስማት ደግሞ ይቀልላል። አድማጩን በዝርዝር ከፋፍሎ የሚጀምር ሰው ግን ሁለተኛ ዐረፍተ ነገሩን የሚሰማለት አያገኝም።

አትሌቱን የቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ማድረግ

ይህ ስህተት ከአትሌቱ ይልቅ የእኛ የምእመናኑ ነው። ታዋቂ ሰው አመነ ሲባል ወሩ ሳይሞላ መድረክ ላይ እናወጣዋለን። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ አዲስ አማኝ እንዳይሾም ያስጠነቀቀው በትዕቢት እንዳይወድቅ ነው፤ ለዚያ ዘመን ሰው ይህን ካለ፣ ሚሊዮን ተከታይ ላለው የሃያ ዓመት ወጣት ምን ይል ነበር?

እንግሊዛዊው የስሉስ ዝላይ ባለክብረ ወሰን ጆናታን ኤድዋርድስ ከብዙዎች የጸና ይመስል ነበር። ማጣሪያው እሑድ በመሆኑ በ1991 የቶኪዮውን የዓለም ሻምፒዮና ትቶ ቀረ፤ በ1993 ሐሳቡን ለውጦ በእሑድ መወዳደር ጀመረ፤ በ1995 ጎተንበርግ ላይ 18.29 ሜትር ዘለለ፤ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቅ አገኘ። የመንፈሳዊ ቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢም ነበር። በ2007 እምነቱን መተዉ በይፋ ታወቀ። ይህን የማነሣው ልወቅሰው አይደለም። እምነታቸውን በእርሱ ዝላይ ላይ ያንጠለጠሉ ሰዎች ግን መናወጣቸው የማይቀር ነበር። አትሌት ውድድር ሲያቆም ስለ ማንነቱ ይጨነቃል፤ የሚያስፈልገው በዚያ ጊዜ አጠገቡ የሚቀመጥ ነፍስ አባት ወይም መጋቢ ነው።

ባልደረባን ማስገደድ

ባጭሩ፦ አምበል ወይም አሰልጣኝ «ኑ እንጸልይ» ሲል ጥሪው ከእኩያ የመጣ አይመስልም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 ከጨዋታ በኋላ ሜዳ ላይ ይጸልይ ለነበረው የትምህርት ቤት አሰልጣኝ ጆ ኬኔዲ 6 ለ3 ፈርዶለታል። ሕጉ ይፈቅዳል። አሰላለፍ የሚያወጣው ሰው ሲንበረከክ ግን ቆሞ መቅረት ለአንድ ታዳጊ ቀላል አይሆንም፤ ስለዚህ አሰልጣኙ መቅረት ነውር እንዳልሆነ አስቀድሞ በአፉ ይናገር።

የሌላውን መግለጫ መናቅ

በለንደን 2012 መሠረት ደፋር 5,000 ሜትሩን ካሸነፈች በኋላ ከመሮጫ ልብሷ ውስጥ የድንግል ማርያምን ሥዕል አውጥታ ለካሜራ አሳየች፤ ፊቷም ላይ አስጠግታ ያዘችው። በዘመኗ ሁሉ በላብ የሚነክር ልብስ የለበሰች ሯጭ ያንን ሥዕል ደረቷ ላይ ይዛ አሥራ ሁለት ዙር ተኩል መሮጧን ማሰብ ይበቃል። ሆኖም አንዱ ክርስቲያን ሌላውን ለምን አማተበ፣ ለምን ሥዕል ያዘ፣ ለምን ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ እያለ የሚለካበት ጊዜ አለ። ዝም ያለውንም «ያፍራል» ይሉታል፤ በጓዳ ዘግቶ መጸለይን ያዘዘው ማን እንደ ሆነ ረስተው።

ለራስ የሚፈለገውን ነጻነት ለሌላ እምነት መንፈግ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በሴፕቴምበር 2014 በአሜሪካ እግር ኳስ የካንሳስ ሲቲው ሁሴን አብዱላህ ነጥብ አስቆጥሮ በሱጁድ ሲደፋ ዳኞቹ ቀጡት፤ ቲቦ ሲንበረከክ ግን እንዲያ አልተደረገም ነበር። ልዩነቱን በዚያው ሰሞን ከታዘቡት ውስጥ ክርስቲያኖችም ነበሩ። ሊጉ በማግስቱ ቅጣቱ መሰጠት እንዳልነበረበት አስታወቀ።