የመድረክ ንግግርን ሙያና መተዳደሪያ ማድረግ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚጀምሩ

በደሴና በኮምቦልቻ ሰው ተሰብስቦ አንድ ተናጋሪ የሚጠብቅበት መድረክ በየሳምንቱ አይጠፋም። ሠርጉ፣ የተማሪዎች ምርቃቱ፣ የባንክ ቅርንጫፍ መክፈቻው፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ሥልጠናው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዐውደ ጥናት፣ ሁሉም መድረኩን ተረክቦ በሰላም የሚያደርስላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ግን ከአዲስ አበባ በክፍያ የሚጠራ ሰው ነው፤ አለዚያም «ድምፅህ ጥሩ ነው» ተብሎ እምቢ ማለት ያቃተው የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ነው። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ ለመያዝ ለሚያስቡ የተዘጋጀ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የማምንበትን ልግለጽ፦ ደጋሽም ሆነ ድርጅት ለተናጋሪ ገንዘብ የሚከፍለው መርሐ ግብሩ እንዳይበላሽበት ሲል ነው። ያማረ ድምፅ አንድ ጊዜ ያስጠራል፤ ደጋግሞ የሚያስጠራው ዝግጅት ነው።

ንግግርን ለጆሮ ማዘጋጀት

የመጀመሪያው ልምምድ ከአማርኛ ከራሱ ጠባይ ይነሣል። ቋንቋችን ማሰሪያ አንቀጹን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ጀማሪ ተናጋሪ ደግሞ ትንፋሹ የሚያልቀውና ድምፁ የሚወርደው እዚያው ቦታ ላይ ነው። «የሥልጠናው ተሳታፊዎች የትራንስፖርት አበል ዛሬ ከሰዓት በኋላ በባንክ ሒሳባቸው በኩል አይከፈላቸውም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የመጨረሻዋን ቃል ውጦ የተናገረ ሰው፣ ከኋላ ረድፍ ለተቀመጡት አድማጮች ተቃራኒውን መልእክት አስተላልፏል። አዎንታውም አሉታውም፣ የተደረገውም ገና የሚደረገውም የሚለየው በዚያች የመጨረሻ ቃል ነው። ስለዚህ በየቀኑ አንድ የዜና አንቀጽ ይምረጡ፤ ስልክዎን ክፍሉ ጥግ አስቀምጠው ድምፅዎን እየቀዱ ያንብቡ፤ ከዚያም ቅጂውን ሲሰሙ ሌላውን ሁሉ ትተው የየዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ቃል ብቻ ያዳምጡ። ያልተሰማው ቃል ሲበዛ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የጉሮሮ ሳይሆን የትንፋሽ አከፋፈል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነውና ለሁለት ይክፈሉት። ለዓይን የተጻፈ ረጅም ዓረፍተ ነገር ያምራል፤ ለጆሮ ሲሆን ግን አድማጭ ማሰሪያው እስኪመጣ ድረስ ሁሉንም በአእምሮው ተሸክሞ መጠበቅ አለበት።

ጽሑፍ ይዘው የሚናገሩ ከሆነ ወረቀቱን ለንባብ ያሰናዱት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ፣ በተለይ በሰው ስምና በቦታ ስም ላይ፣ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል አናት በእርሳስ ነጥብ ያኑሩ። ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ በአንድ ሰረዝ፣ ዝም የሚሉበትን በሁለት ሰረዝ ምልክት ያድርጉ። ቁጥሮችን በፊደል ይጻፉ፤ 2,475,000 የሚለውን መድረክ ላይ ቆሞ መተርጎም ለማንም አይመችም። በወረቀቱ በአንድ ፊት ብቻ ይጻፉ፤ ገጹ ሲገለበጥ ማይኩ የሚያወጣው ኮሽታ አዳራሹን ሁሉ ይረብሻል።

ዝምታን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወሎ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲመርቁ በጥሞና ይከታተሉ። እጃቸውን ዘርግተው «ውለዱ፣ ክበዱ» ይላሉ፤ «አሜን» ወይም «አሚን» የሚለው ምላሽ ከሁሉም አቅጣጫ መጥቶ እስኪያበቃ ድረስ ቀጣዩን ሐረግ አይጀምሩም። ምላሹ ቀዝቀዝ ካለ ድምፃቸውን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ትንሽ ይቆያሉ፤ ሕዝቡም ራሱ ይሰበሰባል። ሐረጋቸው አጭር ነው፤ የሚሉትን ያውቁታል፤ አይቸኩሉም። ለመድረክ ንግግር ከዚህ የተሻለ አስተማሪ በአካባቢያችን አላውቅም፤ ወጣት ተናጋሪዎች ይህን ትተው ከኢንተርኔት የውጭ አገር አነቃቂ ተናጋሪዎችን እጅ አወራወር ሲቀዱ ማየት ያሳዝነኛል።

የንግግርን አወቃቀር ለማጥናት ደግሞ ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩትን የዐድዋ ዘመቻ የክተት ዐዋጅ ደጋግመው ያንብቡ። በመጀመሪያ የሆነውን ይናገራል፤ ጠላት ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን። ከዚያም እያንዳንዱ አድማጭ ራሱን የሚያገኝበትን ቦታ ይሰጣል፤ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው በኀዘኑ እንዲረዳ ይጠይቃል፤ ስለዚህ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ የሚወጣ ሰው የለም። መጨረሻው ላይ ቀኑንና ቦታውን ይቆርጣል፤ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ እዚሁ ወሎ ውስጥ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ያዝዛል። ይህ ሁሉ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ያልቃል። የቁጠባ ማኅበር አባላትን ለማንቃት የተጠራ ተናጋሪም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ ምን ሆነ፣ ከእያንዳንዳችሁ ምን ይጠበቃል፣ መቼና የት።

በቡድን መለማመድ

ብቻውን የሚለማመድ ሰው ስሕተቱን ይለምደዋል። ቶስትማስተርስ የተባለው ማኅበር በ1924 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተመሠረተ ሲሆን፣ የስብሰባ አካሄዱ ቀላል ስለሆነ ስምንትና ዐሥር ጓደኞች ሆነው በአንድ የኮሌጅ ክፍል ወይም የወጣት ማዕከል ውስጥ ሊሠሩበት ይችላሉ። አንዱ አባል ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ የሚወስድ የተዘጋጀ ንግግር ያቀርባል። ሰዓት ያዡ በአምስተኛው ደቂቃ አረንጓዴ፣ በስድስተኛው ቢጫ፣ በሰባተኛው ቀይ ካርድ ያሳያል። ሌላው «እ…»፣ «ያው»፣ «ማለት ነው»፣ «እንግዲህ» የሚሉትን ማሟያዎች ይቆጥራል። አንድ ገምጋሚ ደግሞ ተነሥቶ ያየውን ይናገራል። ከዚያ በኋላ ያልተዘጋጁበት ርእስ እየተሰጣቸው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ የሚናገሩ ይኖራሉ፤ ለመድረክ መሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፣ ዋናው እንግዳ ሲዘገይ ክፍተቱን የሚሞላው እሱ ነውና።

እዚህ ላይ የአካባቢያችንን ጠባይ ማንሣት ግድ ይላል። ወሎየ ሰውን ማስከፋት አይወድም፤ ገምጋሚውም «ጥሩ ነበር፣ አብሽር» ብሎ ይቀመጣል። ርኅራኄው የሚያስመሰግን ነው፤ ተናጋሪውን ግን አያሳድገውም። ስለዚህ ገምጋሚው አንድ የያዘለትን ነገርና አንድ የሚያርመውን ነገር፣ በየትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደሆነ ጭምር፣ እንዲጠቅስ ከመጀመሪያው ቀን ደንብ ያድርጉት።

አዳራሹንና ሰዉን ማወቅ

የመድረክ መሪ ፈተና ከመድረክ በፊት ይጀምራል። የክብር እንግዶችን ስም፣ ማዕረግና የሚጠሩበትን ቅደም ተከተል ከአዘጋጁ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ከተቻለ ከየባለስሙ ወይም ከቅርብ ሰው አነባበቡን ያረጋግጡ። ሐጂ፣ ሸህ፣ መጋቢ፣ ቄስ፣ ዶክተር፣ ኢንጂነር የሚሉትን ማዛባት ቀላል አይደለም፤ ስሙ ሳይጠራ የቀረ የአገር ሽማግሌ በቦታው ምንም አይልም፣ ደጋሹ ግን ለዓመታት ሲካስ ይኖራል። ዝርዝሩ በመጨረሻ ሰዓት እንደሚቀየርም ይጠብቁ፤ ለዚህ ሲባል እያንዳንዱን ስም በተለየ ካርድ ላይ መጻፍ ከአንድ ረጅም ዝርዝር ይሻላል፤ ያልመጣው ካርድ ይወጣል፣ የተጨመረው በቦታው ይገባል።

የደሴና የኮምቦልቻ ታዳሚ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የተቀመጠ ታዳሚ ነው። ሰላምታዎ ሁለቱንም የሚያቅፍ ይሁን። ዓርብ ቀን የሚውል ሥልጠና ለጁምዓ ሶላት የሚበቃ የምሳ ዕረፍት እንዲኖረው መርሐ ግብሩ ሲወጣ ያሳስቡ፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ መኖሩን ይጠይቁ። በሠርግ ላይ የሙስሊምና የክርስቲያን ምግብ ለየብቻ ሲዘጋጅ የትኛው በየት በኩል እንደሆነ አስቀድመው በዓይንዎ አይተው፣ በአክብሮትና በግልጽ ያስታውቁ። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ከነካ ወዲህ በየአዳራሹ ቤተሰቡን ወይም ንብረቱን ያጣ ሰው አለ። «ሁሉም በእጅህ ነው» የሚለውን የማነቃቂያ ንግግር እንዲህ ባለ ታዳሚ ፊት እንዳለ መድገም ሰውን ያቆስላል፤ ስለ ታዳሚው ቀድመው ይጠይቁ።

ስለ መሣሪያው ባጭሩ፦ ሰው ከመግባቱ በፊት ደርሰው ማይኩን ይሞክሩ፤ ከአፍዎ አራት ጣት ያህል አርቀው ይያዙት፤ በጣትዎ አይምቱት፣ አይንፉበትም። ያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት የሚመጣው ከሞንታርቦው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ሲገባ ስለሆነ ከሞንታርቦው ፊት አይቁሙ። ጄኔሬተር መኖሩንም ይጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ወይም ረብሻ ሲነሣ አይጩኹ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሲያውኳቸው፣ ረብሸኞቹ እስኪወጡ በትዕግሥት ጠብቀው ነበር ንግግራቸውን በአማርኛ ያሰሙት።

ወደ ክፍያ መሸጋገር

መጀመሪያ ላይ በነጻ መሥራት አይቀርም፤ ገደብ ግን ይኑረው። የዕድርዎን ስብሰባ፣ የሰፈሩን ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ሲመሩ በምትኩ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ጥርት ያለ የቪዲዮ ቅጂና ማኅተም ያለበት የምስጋና ደብዳቤ። ከቅጂው የሁለት ደቂቃ ቁራጭ ያዘጋጁና በቴሌግራም ለመላክ ዝግጁ ያድርጉት። ሥራ የሚያመጡልዎ ሰዎች ደንበኞቹ ብቻ አይደሉም፤ ቪዲዮ ቀራጩ፣ የዲኮር ባለሙያው፣ ዲጄውና የአዳራሹ ኃላፊ ደጋሹ መድረክ መሪ ከመፈለጉ በፊት ያገኙታል። ከእነዚህ ጋር በሰዓቱ የሚደርስና ሥራቸውን የማይሻማ ሰው ሆነው ይታወቁ።

ዋጋ ሲተምኑ መድረክ ላይ የቆሙበትን ሰዓት ብቻ አይቁጠሩ። ከደጋሹ ጋር የተነጋገሩበት፣ ጽሑፍ ያዘጋጁበት፣ አዳራሹን ያዩበት ጊዜ ሁሉ ሥራ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ማታ የሚያልቅ ዝግጅት ሲሆን መመለሻ ሚኒባስ ላይገኝ ስለሚችል የኮንትራት መኪናውን ወይም የአልጋውን ወጪ ያስገቡ። ቀብድ ሳይቀበሉ ቀን አይያዙ፤ በአንድ ገጽ ውል ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክፍያውንና ዝግጅቱ ቢሰረዝ ወይም በመንገድ መዘጋት ቢተላለፍ ቀብዱ ምን እንደሚሆን ይጻፉ። ከዘመድና ከወዳጅ ጋር ይህን ማድረግ እንደሚያሳፍር ይገባኛል፤ ሆኖም በቃል የቀረ ስምምነት ወዳጅነትንም ሥራንም ሲያበላሽ ይታያል።

የሠርግ ሥራ ወቅት አለው። ጥር ይሞላል፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታትም እንዲሁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሠርግ የለም፤ የረመዳን ወር ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይዞራል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. እንደታየው ሁለቱ ጾሞች ሲደራረቡ የሠርግ ገቢ ከሞላ ጎደል ይቆማል። ስለዚህ ሁለተኛ የገቢ መንገድ ያስፈልጋል፤ በኔ ግምት የሚያዋጣው ለድርጅቶች የሚሰጥ የተግባቦት ሥልጠና ነው። የባንክ ሠራተኛ ደንበኛ ማናገር፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ ሱፐርቫይዘር ለሠራተኞቹ ትእዛዝ ማስረዳት፣ የሆቴል ተቀባይ ቅሬታ መቀበል አለበት። ለእነዚህ «የንግግር ጥበብ» ብለው አይሂዱ፤ በሥራቸው ላይ ያለውን አንድ ችግር ለይተው፣ ሥልጠናው ስንት ሰዓት እንደሚወስድና ሠልጣኙ በመጨረሻ ምን ማድረግ እንደሚችል በአንድ ገጽ ጽፈው ለሰው ኃይል ክፍሉ ያቅርቡ።

ድርጅት ሲጠይቅዎ ፕሮፎርማ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ከክፍያውም ተቀናሽ ግብር ይይዛል። እነዚህን ዕድሉ ከመጣ በኋላ ማሯሯጥ ሥራውን ለሌላ ያስወስዳል፤ በከተማዎ የንግድ ጽሕፈት ቤትና የገቢዎች መሥሪያ ቤት አስቀድመው ያጠናቅቁ። የተቀናሽ ደረሰኙን ጠይቀው ያስቀምጡ፤ ዓመታዊ ግብርዎን ሲያስታውቁ ይታሰብልዎታል።

ቋሚ ሥራ ካለዎት ለመልቀቅ አይቸኩሉ። ከጥር እስከ ጥር ያለውን አንድ ሙሉ ዙር የየወሩን ገቢና ወጪ በደብተር ይያዙ፤ ጾሞቹ የሚውሉባቸው ወራት የቤት ኪራይዎን ችለው ካለፉ፣ ያኔ የመልቀቂያ ደብዳቤውን መጻፍ ይችላሉ።