የወደብና የዓባይ ወሬ ሲመጣ፦ በብድር ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

ኮምቦልቻ ላይ ጎማና ባትሪ እሸጣለሁ። ዕቃዬ ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ነው የሚደርሰኝ። ስለዚህ «ጦርነት ሊነሳ ነው»፣ «ወደብ ልናገኝ ነው» የሚለው ወሬ ለእኔ የቡና ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ኪሴን ይነካል። አንድ ጊዜ «መንገዱ ሊዘጋ ነው» የሚል የቴሌግራም ድምፅ ሰምቼ በብድር ጎማ አጋበስኩ። መንገዱ አልተዘጋም። ጎማው ግን ስምንት ወር ሱቁን ሞልቶ ተቀመጠ፣ ባለቤቴም እስከ ዛሬ «ዲፕሎማቱ» ትለኛለች። ከዚያ ወዲህ ዜና የማነብበት መንገድ ተቀይሯል፣ እሱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግሱን ፈልጉ። «ተፈራረሙ» ነው ወይስ «ለመፈራረም ተስማሙ»? የመግባቢያ ሰነድ ነው ወይስ አስገዳጅ ውል? ይሄን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ ውጫሌን ታልፉ የለ? እዚያው አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ሚያዝያ 1881 በተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። ጠቡ ሌላም ምክንያት ነበረው፣ ግን በዚያች ግስ የተነሳው ክርክር ዓድዋ ድረስ ሄዷል።

ዛሬም ያው ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም፣ እኛ ሰፈር «ባሕር ገባን» ያለው ብዙ ነው፤ ሶማሊያ ደግሞ ሉዓላዊነቴ ተደፈረ ብላ ተነሳች። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017፣ በቱርክ አደራዳሪነት የአንካራው መግለጫ ወጣ። እዚያ ላይ ኢትዮጵያ አስተማማኝ የባሕር መዳረሻ እንድታገኝ ይላል፣ ይሄም በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር ይላል፣ ሁለቱም አንድ ላይ። አንዱ የፊተኛውን ግማሽ ቆርጦ ሼር አደረገ፣ ሌላው የኋለኛውን። ግማሽ ዓረፍተ ነገር ከደረሳችሁ ቀሪውን ሳታገኙ አትናደዱም፣ አትደሰቱም።

«መዳረሻ» እና «ባለቤትነት» የተለያዩ ናቸው፣ ይሄን ደግሞ ልብ በሉ። የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 125 ባሕር አልባ አገር ወደ ባሕር የመድረስና የመተላለፍ መብት እንዳላት ይናገራል፤ በምን ሁኔታ እንደሚሆን ግን ከምታልፍበት አገር ጋር ተደራድራ ነው። የወደብ ባለቤት አያደርግም። በፌስቡክ የሚጮኸው ሰው ስለየትኛው እንደሚያወራ ጠይቁት፣ ብዙ ጊዜ ራሱም አልለየውም።

ቀጥሎ ማን እንደሌለ እዩ። በ1952 ግብፅና ሱዳን ዓባይን ሲካፈሉ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ጻፉ፤ ከውሃው 85 በመቶ ገደማ የምታዋጣው ኢትዮጵያ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልነበረችም። የዛሬው ንትርክ ግማሹ ከዚያ ይመነጫል። መጋቢት 2007 ካርቱም ላይ ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ስለ ሕዳሴ ግድብ የፈረሙት ሰነድ ደግሞ ፍትሐዊ አጠቃቀምንም፣ ጉልህ ጉዳት አለማድረስንም ይዟል። አዲስ አበባ አንዱን ታነሳለች፣ ካይሮ ሌላውን። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ የድርቅ ዓመት ውሃ አለቃቀቅ ግን አሁንም ያጨቃጭቃል።

አሁን ወደ መኪናው። ወረቀት ላይ መፈረምና መኪና መንገድ ላይ መሄድ ይለያያሉ። የድሮ ሾፌሮች አሰብን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል፤ ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ሞተ። በ1993 አልጀርስ ላይ ሰላም ተፈረመ፣ በ1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ፣ ከዚያ ለ16 ዓመት ምንም። ሐምሌ 2010 አስመራ ላይ መሪዎቹ ተቃቀፉ፣ መስከረም 1 ቀን 2011 የድንበር በሮቹ ቡሬና ዛላምበሳ ተከፈቱ፣ እዚህም «አሰብ መጣ» ብሎ ያልጨፈረ የለም። በወራት ውስጥ ሁለቱም ተመልሰው ተዘጉ። እንግዲህ እኔን ያከሰረኝ ፍርሃት ነው፣ በዚያ ጊዜ ሌላውን ያከሰረው ደግሞ ተስፋ ነው።

ስለዚህ ከዜናው ይልቅ ሦስት ሰው እጠይቃለሁ። ትናንት ከጅቡቲ የገባ የተሳቢ ሾፌር፣ ደረቅ ወደብ የሚውል ትራንዚተር (ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስፈታ)፣ ባቲ የሰኞ ገበያ ወርዶ የመጣ ነጋዴ። የማጓጓዣ ዋጋ ዘሎ ከሆነ አንድ ነገር አለ። ባቲ ላይ አፋሩ ግመሉን ይዞ እንደ ወትሮው ከመጣ መንገዱ ገና ሰላም ነው። በነገራችን ላይ በእኛና በአፋር መካከል ጠብ ሲነሳ አበጋሮች፣ የአገር አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ የሚያስታርቁት ግጦሹንና ውሃውን ሳይረሱ ነው፤ ከመንግሥታቱም ሽለላ ጀርባ ያለው ያው ጥቅም ነው። «ጅቡቲ ልትዘጋብን ነው» ሲባል ማን ይጎዳል በሉ። ከ90 በመቶ በላይ የወጪና ገቢ ንግዳችን በእሷ በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ገቢ ታገኛለች፣ መብራት ከእኛ ትገዛለች። መዝጋቱ ለሷም ኪሳራ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እዚህ ሰው ወሬ ቶሎ የሚያምነው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ጥቅምት 2014 ላይ «አይደርስም» ሲባል የነበረው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገብቷል። ስለዚህ ሾፌሩም ትራንዚተሩም ፊታቸው ከጠቆረ ቤተሰብን ማሰብ ነው፣ ጎማ ይቅር።

ካልሆነ ግን ሦስት ቀን እጠብቃለሁ። ከዚያ የምገዛው የአንድ ወር ሽያጬን ያህል ብቻ ነው፣ ያውም በራሴ ብር። ጎማም ቢሆን የሚንቀሳቀሰውን ቁጥር ብቻ። ባትሪ ከነጭራሹ አላከማችም፣ ቆሞ ይሞታል።